በጆርጂያ ግዛት የኤሌክትሪክ ታሪፍ አወሳሰን
በአሜሪካ ጆርጂያ ግዛት የጆርጂያ ፓወር ኩባንያን ታሪፍ የሚያጸድቀው የሕዝብ አገልግሎት ኮሚሽን ነው። አምስቱ የኮሚሽኑ አባላት በግዛቱ መራጮች የሚመረጡ ሲሆን፣ መደበኛ የሥራ ዘመናቸው 6 ዓመት ነው።

ኮሚሽኑ ኩባንያው በየሦስት ዓመቱ የሚያቀርበውን ዕቅድ መርምሮ የፀሐይ፣ የጋዝና የኑክሌር ኃይልን ድርሻ ይወስናል። ወጪው በደንበኞች ሒሳብ ላይ ያርፋል። የቮግትል ኑክሌር ጣቢያ 3ኛና 4ኛ ማመንጫዎች ወጪ ከፍተኛ ክፍል በታሪፍ እንዲሸፈን የተፈቀደው በኮሚሽኑ ውሳኔ ነው። በ2025 እ.ኤ.አ. በተካሄደው ምርጫ ሁለት ነባር አባላት ተሸንፈዋል።

የማዘጋጃ ቤቶችና የኅብረት ሥራ ማኅበራት ታሪፍ በኮሚሽኑ አይወሰንም። በግዛቱ የሚኖሩና በመራጭነት የተመዘገቡ ትውልደ ኢትዮጵያውያን አሜሪካውያን በምርጫው መሳተፍ ይችላሉ፤ ዜግነት የሌላቸው የኩባንያው ደንበኞችም የሒሳብ ቅሬታቸውን ለኮሚሽኑ ማቅረብ ይችላሉ።