የጥቅምት ማር በነሐሴ፦ የክረምት ቀሰምና የአየር ጠባይ በደጋ ንቦች ላይ

በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች ዋናው የማር ቆረጣ የሚካሄደው በጥቅምትና በኅዳር ነው። መስኩ በአደይ አበባ፣ በመጭና በኑግ ቢጫ ሆኖ ካለፈ በኋላ ቀፎው ይከፈታል፤ ማሩ ከበዛ አበባው ይመሰገናል፣ ካነሰም አበባው ይወቀሳል። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ ግን ሌላ ነው፤ የአንድ ኅብረ ንብ የመኸር ምርት በአመዛኙ የሚወሰነው አበባው ሳይፈነዳ፣ በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ ውስጥ ነው።

ጉዳዩን የሚያስረዳው የሠራተኛ ንብ ዕድገት ነው። እንቁላሉ በ3 ቀን ይፈለፈላል፤ ዕጩ 6 ቀን ያህል ይመገባል፤ ከዚያ በሰም ተከድኖ 12 ቀን ይቆይና በ21ኛው ቀን ገደማ ንቧ ትወጣለች። እንደወጣችም መስክ አትሄድም። ለ3 ሳምንት ያህል ቤት ውስጥ ዕጭ ትመግባለች፣ እንጀራ ትሠራለች፣ ወለላ ትቀበላለች። ከእንቁላል እስከ ቀሳሚነት እንግዲህ 40 ቀን ገደማ ይፈጃል። አበባው መስከረም 20 ላይ ቢደምቅ፣ ለዚያ የምትደርሰው ቀሳሚ እንቁላሏ የተጣለው ነሐሴ 15፣ ፍልሰታ ሊፈታ ሲል ነው። ንግሥቲቱ ያን ሰሞን መጣል ካቆመች፣ በመስከረም አበባ ሞልቶ ቀሳሚ ይጎድላል።

የነሐሴ ችግር ደግሞ አበባ ማጣት ብቻ አይደለም። በቆሎ ጽጌ ብናኝ ይሰጣል፣ ባቄላ ያብባል፣ ማገጥ በየግጦሹና በየማሳው ዳር ይፈነዳል። ንቧ ግን በዝናብ አትወጣም፤ ሙቀቱ ወደ 10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲወርድም ቀሰም ይቆማል ማለት ይቻላል። ዶፍ ዝናብ ጽጌውን ያጥባል፣ ወለላውን ያቀጥናል። በዚያው ሰዓት ቀፎ ውስጥ ዕጮቹ ያሉበት እንጀራ ከ34 እስከ 36 ዲግሪ መሞቅ አለበት፤ ንቦቹ ይህን ሙቀት የሚያመነጩት የክንፍ ጡንቻቸውን በማንቀጥቀጥ፣ ማር እየበሉ ነው። ገቢው ሲዘጋ ወጪው ይጨምራል።

ጽጌ ብናኝ ሲያልቅ የሚሆነውን ቶማስ ሽሚክልና ካርል ክራይልስሃይም የተባሉ የኦስትሪያ ተመራማሪዎች በ2001 (እ.ኤ.አ.) ባሳተሙት ጥናት አሳይተዋል። ሠራተኞቹ 3 ቀን ያልሞላቸውን ዕጮች በልተው፣ ፕሮቲኑን ለተቀሩት መልሰው ይመግባሉ፤ ከፍ ያሉትን ዕጮች ደግሞ ከወትሮው ቀድመው ይከድናሉ። ለኅብረ ንቡ ይህ የመትረፊያ ብልሃት ነው። ለአናቢው ግን ከ40 ቀን በኋላ የሚገለጥ ጉድለት ነው፤ አናቢው መንሥኤውን ለማወቅ የሚቸገረውም በመካከሉ ባለው ጊዜ ርዝመት ይመስለኛል። የአፍሪካ ንብ በዚህ ላይ ሌላ መንገድ አላት፦ ቀሰም ሲጠፋባት ቀፎውን ጥላ ትኮበልላለች።

ክረምቱ ካለፈም ስጋቱ አያልቅም። በረዶ አበባ ያራግፋል፤ የጥቅምት ውርጭ በአንድ ሌሊት መስኩን ያቃጥላል። ዝናቡ ቀድሞ ሲወጣ፣ ወይም በኤልኒኖ ሳቢያ በ2007 ዓ.ም. በሰሜንና በምሥራቅ እንደሆነው ክረምቱ ሳይጥል ሲቀር፣ አፈሩ እርጥበት ያጣል፤ አበባ ቢኖር እንኳ ወለላው ይመነምናል። በካፋና በሸካ ደን የገተማ አበባ ወቅት ከበልግ ጋር ስለሚገጥም የቀን ስሌቱ ይለያል፤ የ40 ቀኑ ሕግ ግን ያው ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ቱፎርዲ ነው። ይህ የአረም መድኃኒት በስንዴና በጤፍ ማሳ ላይ የሚረጨው በክረምት ሲሆን ቅጠለ ሰፊውን ሁሉ ያጠፋል። መጭና ማገጥ ለገበሬው አረም ናቸው፤ ለንቧ ግን የነሐሴና የመስከረም ቀለብ ናቸው። የማሳ ዳርና ድንበር ሳይረጭ ቢቀር ሰብሉን ብዙም አይጎዳም፤ ኑግ የሚዘራ ገበሬ ደግሞ ፍሬው እንዲያዝለት የንብ ጉብኝት ያስፈልገዋልና ራሱም ይጠቀማል።

አናቢዎቻችን በክረምት ሽሮ፣ በሶና የስኳር ብጥብጥ ይመግባሉ። ልማዱ ተገቢ ነው፤ ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀመረው ንቡ ከተዳከመ በኋላ መሆኑ ነው። በስሌቱ መሠረት ምግቡ ከሐምሌ መጨረሻ ጀምሮ መቅረብ አለበት፤ ያኔ ሽሮው ዕጭ ለማሳደግ፣ ስኳሩም ቀፎውን ለማሞቅ ይደርሳል። ስኳሩ አደይ መፈንዳት ሲጀምር መቆም ይኖርበታል፤ ካልቆመ ወደ ማሩ ይገባል።