ውሻና ድመትን ከኢትዮጵያ ወደ ውጭ አገር ይዞ ለመሄድ የሚያስፈልግ ቅድመ ዝግጅት

ለሥራ፣ ለትምህርት ወይም ለቋሚ ኑሮ ወደ ውጭ አገር የሚሄድ ሰው ውሻውን ወይም ድመቱን ይዞ ለመጓዝ ሲያስብ፣ ብዙውን ጊዜ ጉዳዩ ትዝ የሚለው ቪዛው ከተገኘና የአውሮፕላን ትኬቱ ከተቆረጠ በኋላ ነው። ለአብዛኞቹ መዳረሻ አገሮች ይህ የዘገየ ጊዜ ነው። የዝግጅቱን ርዝመት የሚወስነው የቢሮ አሠራር ሳይሆን ክትባቱ በእንስሳው ሰውነት ውስጥ ሥራውን እስኪሠራና ውጤቱ እስኪረጋገጥ የሚፈጀው ጊዜ በመሆኑ፣ ተጨማሪ ክፍያ በመክፈል ማሳጠር አይቻልም።

ጥብቅነቱ የመጣው በእብድ ውሻ በሽታ ምክንያት ነው። በሽታው በኢትዮጵያ በውሾች መካከል የሚዘዋወር ስለሆነ የአውሮፓ ኅብረት ኢትዮጵያን ከደም ምርመራ ነፃ በሆኑ አገሮች ዝርዝር ውስጥ አላካተተም፤ የአሜሪካ የበሽታዎች ቁጥጥርና መከላከል ማዕከልም ለውሻ ወለድ የእብድ ውሻ በሽታ ከፍተኛ ሥጋት ካለባቸው አገሮች መካከል መድቧታል። በበሽታው የተያዘ እንስሳ ምልክት ሳያሳይ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ በጉዞው ዕለት ጤናማ ሆኖ መታየቱ ብቻውን ለተቀባዩ አገር በቂ ማስረጃ አይሆንም።

የሥራ ቅደም ተከተል

የመጀመሪያው ሥራ ማይክሮቺፕ ማስገባት ነው። ቺፑ ከቆዳ ሥር በመርፌ የሚገባ፣ ባለ 15 አሃዝ መለያ ቁጥር የያዘና የዓለም አቀፉን የደረጃዎች ድርጅት መለኪያ ቁጥር 11784 እና 11785 የሚያሟላ ሊሆን ይገባል። የእብድ ውሻ ክትባት የሚሰጠው ከዚያ በኋላ ወይም በዚያው ዕለት ቺፑ ገብቶ ከተነበበ በኋላ ነው። ከቺፑ በፊት የተሰጠ ክትባት ለየትኛው እንስሳ እንደተሰጠ ማረጋገጥ ስለማይቻል እንዳልተሰጠ ይቆጠራል። ብዙ ባለቤቶች ውሻቸው በየዓመቱ የተከተበ መሆኑን በመተማመን ይህን ቅደም ተከተል ሳያስተውሉ ይቀራሉ፤ እንዲህ ያለ እንስሳ ቺፕ ከገባለት በኋላ እንደገና መከተብ ይኖርበታል። ክትባቱ የሚሰጠው ዕድሜው ቢያንስ 12 ሳምንት ለሞላው እንስሳ ነው።

ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች የሚሄድ ውሻ ወይም ድመት ክትባቱን ካገኘ ቢያንስ ከ30 ቀን በኋላ የደም ናሙና ይወሰድለታል። ምርመራው ክትባቱ በደም ውስጥ የፈጠረውን የመከላከያ አቅም የሚለካ ሲሆን፣ ውጤቱ በአንድ ሚሊ ሊትር ቢያንስ 0.5 ዓለም አቀፍ ዩኒት ሊሆን ይገባል። ምርመራውን የሚያካሂደው ላቦራቶሪ በኅብረቱ ዕውቅና የተሰጠው መሆን ስላለበት ናሙናው ወደ ውጭ አገር ሊላክ ይችላል፤ የመላኪያውን ወጪና ጊዜ አስቀድሞ ማስላት ተገቢ ነው። ናሙናው ከተወሰደበት ቀን ጀምሮ ደግሞ 3 ወር መጠበቅ ግዴታ ነው። ቆጠራው የሚጀምረው ናሙናው ከተወሰደበት ዕለት እንጂ ውጤቱ ከደረሰበት ዕለት አይደለም። በዚህ ስሌት ሁሉም ነገር ያለ እንከን ቢሄድ እንኳ ከክትባት እስከ ጉዞ 4 ወር ያህል ያስፈልጋል፤ ቡችላ ከሆነም 7 ወር ገደማ ሳይሞላው ወደ ኅብረቱ መግባት አይችልም። ክትባቱ ጊዜው ሳያልፍበት በተከታታይ እስከታደሰ ድረስ የደም ምርመራው መደገም አያስፈልገውም። አንድ ጊዜ ከተቋረጠ ግን ሂደቱ ከመጀመሪያው ይጀመራል።

የጤና ሰርተፊኬቱ ሥልጣን ባለው የመንግሥት የእንስሳት ሐኪም ተፈርሞ እንስሳው ወደ ኅብረቱ ከመግባቱ በፊት ባሉት 10 ቀናት ውስጥ መሰጠት አለበት። ባለቤቱ ወይም በጽሑፍ የወከለው ሰው ከእንስሳው ጋር የሚጓዝ ሲሆን፣ የባለቤቱና የእንስሳው ጉዞ ከ5 ቀን በላይ መራራቅ የለበትም። ባለቤቱ ቀድሞ ሄዶ ውሻውን ከወራት በኋላ በዘመድ በኩል ማስላክ ቢፈልግ ጉዞው በንግድ እንስሳት ሥርዓት የሚታይ ይሆናል፤ ይህም ከግል ጉዞው የከበደ ነው።

ታላቋ ብሪታንያም ተመሳሳይ የደም ምርመራና የ3 ወር ቆይታ ትጠይቃለች። በተጨማሪም ውሻ ከመግባቱ በፊት ባሉት ከ24 እስከ 120 ሰዓታት ውስጥ የኮሶ ትል መድኃኒት በሐኪም ሊሰጠውና በሰነዱ ላይ ሊመዘገብ ይገባል። አየርላንድ፣ ፊንላንድ፣ ማልታና ኖርዌይም ይህንኑ ይጠይቃሉ።

አሜሪካ ከኦገስት 1 ቀን 2024 ጀምሮ ለውሾች አዲስ ሥርዓት ተግባራዊ አድርጋለች። ውሻው ቢያንስ 6 ወር የሞላውና ቺፕ የገባለት መሆን አለበት። በኢትዮጵያ የተከተበ ከሆነ ደግሞ በመንግሥት ሐኪም የተረጋገጠ የክትባትና የማይክሮቺፕ ቅጽ ያስፈልገዋል፤ ማዕከሉ ባስመዘገበው የእንስሳት መቀበያ ተቋምም ቦታ ሊያዝለትና ተቋሙ ወዳለበት አውሮፕላን ማረፊያ በቀጥታ ሊገባ ይገባል። ተቀባይነት ያለው የደም ምርመራ ውጤት የሌለው ውሻ በተቋሙ ለ28 ቀናት ተለይቶ የሚቆይ ሲሆን ወጪውን የሚሸፍነው ባለቤቱ ነው። ማዕከሉ ለድመቶች የእብድ ውሻ ክትባት ማስረጃ አይጠይቅም፤ ሆኖም የየክልሉ መንግሥትና አየር መንገዱ ሊጠይቁ ይችላሉ።

የተባበሩት አረብ ኤምሬቶች ከጉዞ በፊት የማስገቢያ ፈቃድ ይጠይቃሉ፤ ለተወሰኑ የውሻ ዝርያዎችም ፈቃድ አይሰጡም። አውስትራሊያ ከኢትዮጵያ በቀጥታ የሚመጣ ውሻም ሆነ ድመት አትቀበልም። ደንቦች ስለሚለወጡ ትኬት ከመቆረጡ በፊት የመዳረሻውን አገር ኤምባሲ ወይም የእንስሳት ጤና መሥሪያ ቤት ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

በሰነድ ላይ የሚፈጠሩ ስህተቶች

ከኢትዮጵያ በሚወጡ ሰነዶች ላይ ልዩ ጥንቃቄ የሚሻው የቀን አጻጻፍ ነው። በክትባት ደብተር ላይ መስከረም 1 ቀን 2018 ተብሎ በቁጥር ብቻ የሰፈረ ቀን በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ሴፕቴምበር 11 ቀን 2025 ነው። ይህን የማያውቅ የውጭ አገር ተቆጣጣሪ ግን ክትባቱ ከዓመታት በፊት ጊዜው ያለፈበት አድርጎ ሊያነበው ይችላል። ስለሆነም የክትባት፣ የቺፕና የናሙና ቀኖች ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር፣ የወሩ ስም በፊደል ተጽፎ እንዲሞላ ሐኪሙን መጠየቅ ይገባል። የባለቤቱ ስምም በሁሉም ሰነዶች ላይ በፓስፖርቱ እንደሰፈረው፣ ያለ ፊደል ልዩነት መጻፍ አለበት። የቺፑን ቁጥር ከጉዞ በፊት በማንበቢያ መሣሪያ አስነብቦ ከሰርተፊኬቱ ጋር ማመሳከር ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይወስዳል። ሰነዱ ያልተሟላ እንስሳ ወደ መጣበት ሊመለስ ወይም በባለቤቱ ወጪ ተለይቶ ሊቆይ ይችላል፤ በአውሮፓ ኅብረት ደንብ ሁለቱም የማይቻሉ ሲሆኑ እንዲገደል እስከ መወሰን ሊደረስ ይችላል።

የጉዞው ዕለት

የማጓጓዣ ሣጥኑ እንስሳው ቆሞ፣ ዞሮና ተኝቶ የሚጓዝበት ስፋትና በቂ የአየር መግቢያ ያለው ሊሆን ይገባል። ሣጥኑን ከሳምንታት በፊት ቤት ውስጥ ክፍት አድርጎ በማስቀመጥ እንስሳውን ማለማመድ ከማንኛውም መድኃኒት ይልቅ ይረዳዋል። ማደንዘዣ ወይም ማስተኛ መድኃኒት መስጠት ግን በበረራ ወቅት ትንፋሽንና የደም ግፊትን ስለሚያዛባ አይመከርም። አፍንጫቸው አጭር የሆነ ዝርያዎች ለሙቀትና ለትንፋሽ ችግር የተጋለጡ በመሆናቸው አንዳንድ አየር መንገዶች አይጭኗቸውም።

ከውጭ አገር ለዕረፍት ለሚመጡ ቤተሰቦች

በአውሮፓ ኅብረት የሚኖሩና ውሻቸውን ይዘው ኢትዮጵያ ዘመድ ለመጠየቅ የሚመጡ ሰዎች የደም ምርመራውን ከመነሳታቸው በፊት በዚያው አስደርገው አጥጋቢ ውጤቱን በእንስሳው ፓስፖርት ላይ ካስመዘገቡ፣ ሲመለሱ የ3 ወሩ ቆይታ አይመለከታቸውም። ሳያስደርጉ የመጡ ከሆነ ግን ምርመራውም ቆይታውም እዚህ ይጠብቃቸዋል። ከአሜሪካ የሚመጡም በዚያ ለተሰጠው ክትባት በአሜሪካ መንግሥት የተረጋገጠ ሰነድ ይዘው ሊነሱ ይገባል፤ ሰነዱ ከሌለ ውሻው ሲመለስ በውጭ አገር እንደተከተበ ይቆጠራል።