ወፍራሙ ድምፅ የት ቀረ? ሰብዉፈር ከመግዛታችን በፊት



ባለፈው እንቁጣጣሽ ማታ ሮተርዳም በሚገኘው ቤቴ ጥቂት ወዳጆች ጠርቼ ነበር። ዶሮው ተበልቶ፣ ቡናው ሦስተኛው ላይ ደርሶ፣ የማሕሙድ አሕመድ «እሬ መላ መላ» ተከፍቶ ጨዋታው ሲደምቅ በሩ ተንኳኳ። ከበታቼ የሚኖሩት ሆላንዳዊት እመበት ናቸው፤ ዕድሜያቸው ከሰባ አልፏል። የሌሊት ልብሳቸው ላይ ካፖርት እንደ ደረቡ በትሕትና እንዲህ አሉኝ፦ «ሙዚቃ መሆኑን እንኳ አላወቅሁም። ሰው ግድግዳ በመዶሻ የሚመታ መስሎኝ ነው የመጣሁት።»

ጥፋተኛዋ ማን እንደ ሆነች ወዲያው ገባኝ። ከሳምንት በፊት ከአንድ የአገር ልጅ በ80 ዩሮ ገዝቼ ከሶፋው ጀርባ ያስቀመጥኳት ጥቁር ሣጥን ናት፤ ሰብዉፈር የምትባለው። አጠፋኋት፣ ይቅርታም ጠየቅሁ። ሴትዮዋ ወደ ቤታቸው ወረዱ፤ ንግግራቸው ግን እኔው ዘንድ ቀረ። ታክሲ ከመያዜ በፊት በአገር ቤት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የፊዚክስ መምህር ነበርኩ። ስለ ድምፅ ሞገድ ስንት ዓመት ጠመኔ ይዤ ያስተማርኩ ሰው፣ በገዛ ቤቴ ፈተናውን ወደቅሁ ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ በአምስተርዳምም በዴን ሃግም የማገኛቸው ወገኖቻችን ያንኑ የኔን ጥያቄ ሲጠይቁ እሰማለሁ። «የድሮ ዘፈኖቻችን በስቴሪዮዬ ሲሰሙ ቀጥነውብኛል፤ ሰብዉፈር ልጨምርበት ወይ?» ይላሉ። መልሱን ለማግኘት ግን አስቀድሞ ሌላ ጥያቄ መመለስ ያስፈልጋል። ለመሆኑ ወፍራሙ ድምፅ መጀመሪያውኑ የት ቀረ? እስቲ አብረን እንመልከተው።

ባስ ለእኛ እንግዳ አይደለም

አንዳንድ ሰው ባስ ከፈረንጅ ጭፈራ ቤት የመጣ ነገር ይመስለዋል። ስሕተት ነው። የከበሮን አሠራር ያስታውሱ፤ አንዱ አፉ ሰፊ፣ ሌላው ጠባብ ነው። ሰፊው ወፍራሙን፣ ጠባቡ ቀጭኑን ድምፅ ይሰጣል። መቺው በሁለት እጁ ሁለቱን እያነጋገረ ማኅበረ ምእመናኑን ያንቀሳቅሳል።

ከከበሮም ይልቅ በገና ያስደንቃል። አሥሩ አውታሮቹ የሚሰጡት ድምፅ እጅግ ወፍራም ነው። እያንዳንዱ አውታር ድልድዩ ላይ በሚያርፍበት ቦታ እንዚራ የምትባል ትንሽ ቁራጭ ቆዳ ትገባለች። ያ ንብ የሚመስለው እዝዝታ የሚወጣው አውታሩ ሲርገበገብ እንዚራዋን እየነካ ነው። እንዚራዋ ብትወጣ በገናው ድምፁ ይደክማል፤ ዝም ያለ ያህል ይሆናል። በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት በገና ያስተማሩትን የአለሙ አጋን ድርደራ የሰማ ሰው የምለውን ያውቃል። ይህችን እንዚራ ልብ ይበሉልኝ፤ ኋላ እመለስባታለሁ።

ሸክላው ያስቀረውና የመለሰው

በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ሸክላ የማሳተምና የማስመጣት መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር የተሰጠ ነበር። ያንን አጥር እ.ኤ.አ. በ1969 የደፈረው ወጣቱ አምሃ እሸቴ ነው። የአለማየሁ እሸቴን ዘፈን አስቀርፆ ሸክላውን በህንድ አሳተመ። እስከ 1975 ድረስም በአምሃ ሬከርድስ ስም ከ100 የሚበልጡ ሸክሎች ወጡ። የሆላንዱ ፊሊፕስም በዚያው ዘመን በአገራችን ሸክላ ያወጣ ነበር፤ የሳክስፎኑ ጌታቸው መኩሪያ ሙዚቃ በእርሱ በኩል ታትሟል። አሊ አብደላ ካይፋ፣ ሕዝብ «አሊ ታንጎ» የሚለው፣ በ1975 «እሬ መላ መላ»ን አወጣ።

በእነዚያ ሸክሎች ላይ ባስ አለ ወይ? አለ። ነገር ግን ተቀንሶ ነው የተቀመጠው። ወፍራም ድምፅ በሸክላው ላይ የሚቀርፀው መሥመር በሰፊው ይወላገዳል። እንዳለ ቢቀረፅ ቦታ ይጨርሳል፤ መርፌውንም ያዘልላል። ስለዚህ ከ1954 ጀምሮ የሸክላ አሳታሚዎች በተስማሙበት ደንብ መሠረት ባሱ ሲቀረፅ ይቀነሳል፣ ሲጫወት ደግሞ ማጉያው መልሶ ይጨምረዋል። ይህን መልሶ የመጨመር ሥራ የሚሠራው በማጉያው ጀርባ «ፎኖ» ተብሎ የተጻፈበት ቀዳዳ ነው። ስንቱ ወገኔ የሸክላ ማጫወቻውን «ፎኖ» መሰካት ሲገባው ሌላ ቀዳዳ ላይ ሰክቶ «ባስ የለውም» ይላል መሰላችሁ! እንዲህ ላለው ሰው መድኃኒቱ የሽቦ ቦታ መለወጥ እንጂ ሰብዉፈር አይደለም።

ካሴት፣ የሆላንድ ልጅ

ብዙዎቻችን ግን ዘፈን ያወቅነው በካሴት ነው። ካሴትን የፈጠረው ሉ ኦተንስ የተባለ ሆላንዳዊ መሐንዲስ የመራው የፊሊፕስ ቡድን ሲሆን፣ ለሕዝብ የታየውም በ1963 በበርሊን የራዲዮ ትርዒት ላይ ነው። በደርግ ዘመን የሰዓት እላፊው የምሽቱን ዓለም ሲዘጋው፣ ካሴት ሙዚቃውን ከጭፈራ ቤት አውጥቶ ሳሎናችን አስገባው።

ያንን ዘመን የተሸከሙት ደግሞ ባንዶቹ ናቸው። የዘፋኞቹን ስም ሁላችንም እንጠራለን፤ ቤዝ ጊታር የሚመታውን ግን ስንቶቻችን እናውቃለን? በአይቤክስ፣ ኋላም በሮሃ ባንድ ጆቫኒ ሪኮ ነበር። በ1977 የወጣው የዋልያስ ባንድ «ቼ በለው» ላይ መላከ ገብሬ ነው። የእነዚህን ሰዎች ሥራ ዕድሜ ልካችንን ስንጨፍርበት ኖርን፣ በደንብ ግን አልሰማነውም። ሰብዉፈር የሚያምረን ሰዎች የምንፈልገው፣ ስሙን ባናውቅም፣ የእነርሱን ጣት ነው።

ለምን አልሰማነውም? የአባቴ ቴፕ ስፒከር ከሻይ ሳሕን የማይበልጥ ነበር። የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር በሰከንድ 41 ጊዜ ያህል ይርገበገባል፤ ማለት 41 ሄርዝ። ያንን ድምፅ ለማውጣት ብዙ አየር መግፋት ያስፈልጋል፤ ትንሽ ስፒከር ደግሞ አቅሙ የለውም። በዚያ ላይ ካሴቱ ከካሴት የተገለበጠ፣ እርሱም ከሌላ የተገለበጠ ነበር። በተገለበጠ ቁጥር ሽሽታው ይጨምራል፣ የመብራቱም 50 ሄርዝ እንጉርጉሮ ከዘፈኑ ጋር አብሮ ይቀረፃል። ሰብዉፈር ዘፈንንና እንጉርጉሮን አይለይም፤ ሁለቱንም እኩል ያጎላል። እኔ የአባቴን ካሴቶች በሰብዉፈር ስከፍት ከሁሉ በፊት የሰማሁት ይህንኑ የመብራት እንጉርጉሮ ነው።

ጆሮ የሚሞላው ባዶ ቦታ

እዚህ ላይ አንድ እንቆቅልሽ አለ። ባሱ በአባቴ ቴፕ ካልወጣ፣ ያ ሁሉ እስክስታ በምን ተመታ?

መልሱን ያገኘው በአይንድሆቨን የፊሊፕስ ቤተ ሙከራ ይሠራ የነበረ ያን ስኋውተን የተባለ ሆላንዳዊ ነው፤ በ1940 ገደማ። አንድ ድምፅ ብቻውን አይመጣም፤ ተከታዮች አሉት። የ50 ሄርዝ ድምፅ ሲወጣ 100፣ 150፣ 200፣ 250 ሄርዝ የሆኑ ቀጫጭን ድምፆች ይከተሉታል። ትንሹ ስፒከር 50ውን ባያወጣም ተከታዮቹን ያወጣል። ጆሯችንና አእምሯችን በተከታዮቹ መካከል ያለውን የ50 ልዩነት አይተው «የእነዚህ ባለቤት 50 ነው» ብለው ይፈርዳሉ፤ የሌለውንም ድምፅ እንሰማዋለን።

እንግዲህ ወደ እንዚራዋ እንመለስ። ያቺ ቁራጭ ቆዳ የምትሠራው ሥራ ምንድን ነው? ለወፍራሙ አውታር ተከታዮች ታበዛለታለች። የበገና ሠሪዎቻችን ትልቅ ሣጥንና ኤሌክትሪክ ሳያስፈልጋቸው፣ ወፍራም ድምፅ ጆሮ ውስጥ የሚገባበትን መንገድ አግኝተው ነበር። ስኋውተን በቤተ ሙከራ ያስረዳውን እነርሱ በቆዳ ቁራጭ ይሠሩበት ነበር ብል ማጋነን አይመስለኝም።

ሣጥኗ ከየት መጣች?

ሰብዉፈር በ1960ዎቹ በአሜሪካ ብቅ ብላ ስሟ የታወቀው በሲኒማ ነው። በ1974 የምድር መናወጥን የሚያሳይ ፊልም ሲወጣ፣ ተመልካቹ ወንበሩ ሲንቀጠቀጥ እንዲሰማው ተብሎ ግዙፍ የባስ ሣጥኖች በየአዳራሹ ተተከሉ። ፊሊፕስ ደግሞ በዚያው በ1970ዎቹ ከትንሽ ሣጥን ትልቅ ባስ ለማውጣት ሌላ ዘዴ ተጠቀመ፤ በስፒከሩ ላይ እንቅስቃሴውን የሚከታተል መቆጣጠሪያ አስገብቶ፣ ማጉያው ስሕተቱን ወዲያው እንዲያርመው አደረገ። ስለዚህ ሣጥኗ ስሟን ያተረፈችው አዳራሽ በማናወጥ ነው ቢባል ሐሰት አይደለም። ወደ ሳሎናችን ስናስገባት ይህን ጠባይዋን አንርሳ።

ሦስት ከተማ፣ ሦስት ወለል

የ41 ሄርዝ ሞገድ ርዝመቱ ከ8 ሜትር ይበልጣል፤ ከብዙዎቻችን ሳሎን ይረዝማል። ግድግዳ ቀጭኑን ድምፅ ያስቀራል፣ ወፍራሙን ግን ያሳልፋል። ሌሊት ተሳፋሪ ስጠብቅ መስኮቱ የተዘጋ የወጣቶች መኪና በጎኔ ሲያልፍ የምሰማው «ዱም ዱም» ብቻ ነው፤ ዘፋኙ መኪናው ውስጥ ይቀራል።

ቤቶቻችንም ይለያያሉ። አምስተርዳም በረግረግ ላይ የቆመች ከተማ ናት፤ በ1888 የተከፈተው ዝነኛው የኮንሰርትኸባው አዳራሽ እንኳ ሲሠራ የቆመው በ2,186 የእንጨት ምሰሶዎች ላይ ነበር። የድሮዎቹ መኖሪያ ቤቶች ወለል እንጨት በመሆኑ ሰብዉፈር ሲያርፍበት እንደ ከበሮ ቆዳ ይመታል። በዴን ሃግ አንድ ደረጃ የሚጋሩት የድሮ ቤቶችም እንደዚያው ናቸው። ሮተርዳም እ.ኤ.አ. ግንቦት 14 ቀን 1940 በጀርመን ቦምብ መሐሏ ከወደመ በኋላ በአብዛኛው በሲሚንቶ ተሠራች። ሲሚንቶ ንግግርን ያስቀራል፤ ወለሉን በቀጥታ የሚመታን ሣጥን ግን ለጎረቤት ያደርሳል። የእኔው ቤት ምስክር ነው።

የሆላንድ የወንጀል ሕግም አንቀጽ 431 የሌሊት ዕረፍት ማወክን በገንዘብ ያስቀጣል። እኔን የከበደኝ ግን ሕጉ አይደለም። እኔ በልጅነቴ ዘፈኑን ያለ ባሱ ሰማሁ፤ እኒያ ሴት ደግሞ ባሱን ያለ ዘፈኑ ሰሙ። ስለ አገሬ ሙዚቃ የሚያውቁት ነገር መዶሻ ብቻ እንዲሆን አልፈለግሁም።

እንግዛ ወይስ ይቅር?

እንግዲህ ምክሬ ይህ ነው። አስቀድመው ገንዘብ የማይጠይቀውን ያድርጉ። የሁለቱን ስፒከሮች ቀይና ጥቁር ሽቦ ይመልከቱ፤ አንዱ ከተገለበጠ ሁለቱ ስፒከሮች እየተቃረኑ ባሱን ያጠፉታል። ስፒከሮቹን ወደ ግድግዳ ጠጋ ያድርጓቸው፤ ባሱ ይጨምራል። ሸክላ ካለዎት «ፎኖ»ውን ያረጋግጡ።

ቀጥሎ የሚሰሙትን ይመርምሩ። የሚሰሙት የተገለባበጠ ካሴት ከሆነ ሰብዉፈር አይግዙ፤ ያልተቀረፀውን ሊመልስ አይችልም። በገንዘቡ ጥራት ያለው ቅጂ ቢገዙበት ይሻላል። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ፍራንሲስ ፋልሴቶ «ኢትዮፒክስ» በሚል ስም ያወጣቸው ሲዲዎች አሉ። ጌታቸው መኩሪያም ዘ ኤክስ ከተባለው የሆላንድ ባንድ ጋር ሆኖ በ2006 ያወጣው «ሞአ አንበሳ» አለ። ንጹሕ ቅጂ ይዘው፣ ስፒከሮችዎ ግን ትናንሽ ከሆኑ፣ ያን ጊዜ ሰብዉፈር እውነተኛ ጥቅም አለው። ከ80 ሄርዝ በታች ብቻ እንዲሠራ ያድርጉት፤ ከወለሉ በወፍራም ስፖንጅ ይለዩት፤ ድምፁም «አለ ወይስ የለም?» እስኪያሰኝ ድረስ ዝቅ ይበል።

እኔ ምን አደረግሁ? በሳምንቱ እመበቲቱን ቡና ጠራኋቸው። ሶፋው ላይ ተቀምጠው «እሬ መላ መላ»ን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሰሙ። «ለካ ሰው ይዘፍንበታል!» አሉ። ከዚያ ልጄን ከማጉያው አጠገብ አስቀምጬ ከእሳቸው ጋር ወደ ቤታቸው ወረድኩ። ልጄ ቁልፉን ቀስ በቀስ ስትቀንስ፣ እኛ ከታች ሆነን መዶሻው እስኪጠፋ ጠበቅን። ሲጠፋ በስልክ «በቃ» አልኳት፤ በዚያው ቦታ ላይ ቁራጭ ነጭ ፕላስተር ለጠፈችበት።

ፕላስተሩ ዛሬም እዚያው አለ። ከእርሱ በታች ጆቫኒ ሪኮን በደንብ እሰማለሁ። ከእርሱ በላይ ደግሞ ሰብዉፈሯን ጎረቤቴ ይሰሟታል። እርስዎም ሣጥኗን ከገዙ፣ ጎረቤትዎን ጠርተው ፕላስተሩን አብራችሁ ለጥፉ።

ቸር ይግጠመን።