ፊሸርን ማን ይመስክርለት?

ባለፈው እሑድ የእህቴ ልጅ ቤት መጥቶ ቡና እየጠጣን የቼዝ ወሬ ተነሳ። «ጋሼ፣ ቦቢ ፊሸር እኮ ሻምፒዮን የሆነው በስድስተኛው ጨዋታ ነው» አለኝ። ከየት እንዳመጣው ብጠይቀው «በዓይኔ ነዋ ያየሁት! ፊልሙን አላየኸውም እንዴ?» ሲል መለሰልኝ።

የሕግ ትምህርት ቤት ካስጨበጠኝ ነገሮች አንዱ «አየሁ» እና «ሰማሁ» የተለያዩ መሆናቸውን ነው። ልጁ «አየሁ» ሲል አልዋሸም። ያየው ግን ፊሸርን ሳይሆን ተዋናዩን ነው። እንዳልስቅበት ደግሞ የራሴ ነገር ያዘኝ። የፊሸርን ፎቶግራፎች ከወጣትነቴ ጀምሮ አውቃቸዋለሁ። ልጁ ስሙን ሲጠራ ግን በሐሳቤ የመጣብኝ የቶቢ ማጓየር ፊት ነበር። ለካስ ፊልሙ ከእኔም ትዝታ ላይ የድሮውን ምስል አንስቶ የራሱን ተክቷል!

ፊልሙ በ2014 እ.ኤ.አ. በቶሮንቶ ፌስቲቫል የቀረበው «ፖውን ሳክሪፋይስ» ነው፤ በእኛ አነጋገር «ወታደር መሠዋት» እንበለው። ዳይሬክተሩ ኤድዋርድ ዝዊክ ነው። ማጓየር ፊሸርን፣ ሊቭ ሽሪበር ቦሪስ ስፓስኪን ሆነው ተውነዋል።

ከተዋንያኑ ምርጫ እንጀምር። ፊሸር በ1972 እ.ኤ.አ. በሬይክያቪክ ለዓለም ሻምፒዮና ሲቀመጥ ዕድሜው 29 ነበር፤ ቁመቱ ዘለግ ያለ፣ ትከሻው ሰፊ። ማጓየር በቀረጻው ጊዜ ወደ አርባ ዓመት እየተጠጋ የነበረ፣ በቁመትም ከፊሸር በግልጽ የሚያንስ ነው። ስፓስኪ 35 ዓመቱ ነበር፤ ሽሪበር ደግሞ ከ45 አልፏል። በእውኑ ረጅሙ ፊሸር ነበር፤ በፊልሙ ረጅሙ ስፓስኪ ሆነ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ግዙፍ ሶቪየታዊ ፊት ለፊት የተቀመጠ ትንሽ አሜሪካዊ ሲታይ፣ ተመልካች ሳያስበው ለትንሹ ያዝናል። በሌላ በኩል ሽሪበር አብዛኛውን ንግግሩን በሩሲያኛ ማድረጉ ያስመሰግነዋል።

ወደ ፍሬ ነገሩ እንግባ። ፊልሙ ያልዋሸባቸው ቦታዎች ብዙ ናቸው። ኤፍቢአይ የፊሸርን እናት ለዓመታት ይከታተላት እንደነበር የተረጋገጠ ነው። ስለዚህ የልጁ ጥርጣሬ ከባዶ ሜዳ አልበቀለም። በሬይክያቪክ በመጀመሪያው ጨዋታ ቢሾፑን ወጥመድ ውስጥ ከትቶ መሸነፉ እውነት ነው። በካሜራዎቹ ተቆጥቶ ሁለተኛው ጨዋታ ላይ ሳይገኝ መቅረቱና በፎርፌ መሸነፉም እውነት ነው። ሦስተኛው ጨዋታ ከተመልካች ርቆ በጓሮ ክፍል ተካሂዶ ፊሸር አሸንፏል፤ ስፓስኪን በሕይወቱ ሲያሸንፍ ያ የመጀመሪያው ነበር። የስፓስኪ ቡድን ባቀረበው ጥርጣሬ ወንበሮቹ በኤክስሬይ ተመርምረው፣ በመብራቱ ውስጥ ሁለት የሞቱ ዝንቦች መገኘታቸውም የሆነ ነገር ነው። ደራሲ ፈጥሮት ቢሆን ኖሮ «አበዛው» እንለው ነበር።

ከሁሉም የፊልም ፈጠራ የሚመስለው በስድስተኛው ጨዋታ መጨረሻ ስፓስኪ ለተጋጣሚው ማጨብጨቡ ነው። ይህም ሆኗል።

ታዲያ ጥፋቱ የት ላይ ነው? ያኔ ውጤቱ 3½ ለ 2½ ነበር። ፊሸር ገና መምራት መጀመሩ ነው እንጂ ዋንጫውን አላነሳም። ፊልሙ ግን ስድስተኛውን ጨዋታ የትረካው ጫፍ አድርጎ፣ ቀሪውን በጥቂት የጽሑፍ መስመሮች ይዘጋዋል። በተጨባጭ ግን ሌላ 15 ጨዋታ ነበር። ግጥሚያው ያለቀው መስከረም 1 ቀን 1972 እ.ኤ.አ. ነው፤ ያልተቋጨውን 21ኛ ጨዋታ ስፓስኪ ሳይመጣ በስልክ እጁን ሰጠ። ውጤቱም 12½ ለ 8½ ሆነ። በስልክ የሚያልቅ ታሪክ ለሲኒማ አይመችም፤ ይገባኛል። የእህቴ ልጅ «በዓይኔ አየሁ» ያለው ግን ከዚህ ምቾት የተነሳ ነው።

እኔ ለውጦቹን በሦስት እከፍላቸዋለሁ። አንደኛው የመልክ ለውጥ ነው፤ ይታለፋል። ሁለተኛው ጊዜን ማሳጠር ነው፤ በልኩ ከሆነ ይፈቀዳል። ሦስተኛው ሰው ያደረገውን አላደረገም፣ ያላደረገውን አድርጓል ማለት ነው። እዚህ ላይ ነገሩ ከጥበብ ወደ ሕግ ይሻገራል።

ምሳሌው ሩቅ አይደለም። በ2020 እ.ኤ.አ. ኔትፍሊክስ ያቀረበው «ዘ ኩዊንስ ጋምቢት» ልብ ወለድ ቢሆንም የእውነተኛዋን የጆርጂያ ተወላጅ የኖና ጋፕሪንዳሽቪሊን ስም ጠርቶ፣ ከወንዶች ጋር ተጫውተው አያውቁም አለ። እሳቸው ግን በክሳቸው እንደዘረዘሩት እስከ 1968 እ.ኤ.አ. ድረስ ብቻ ቢያንስ ከ59 ወንዶች ጋር ተጫውተዋል። በ1978 እ.ኤ.አ. ደግሞ የግራንድ ማስተር ማዕረግ ያገኙ የመጀመሪያዋ ሴት ሆነዋል። በ80 ዓመታቸው በ2021 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ፍርድ ቤት የአምስት ሚሊዮን ዶላር ክስ አቀረቡ። ኩባንያው «ልብ ወለድ ነው» ብሎ ክሱ እንዲዘጋ ቢጠይቅም፣ ዳኛዋ በጥር 2022 እ.ኤ.አ. ልብ ወለድነት ብቻውን ከስም ማጥፋት ክስ አያድንም ብለው ጥያቄውን ውድቅ አደረጉ። በዚያው ዓመት ጉዳዩ በስምምነት አለቀ።

ጋፕሪንዳሽቪሊ መክሰስ የቻሉት በሕይወት ስላሉ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የእኛ የፍትሐ ብሔር ሕግም በአንቀጽ 2044 ስለ ስም ማጥፋት ሲደነግግ የሚናገረው በሕይወት ስላለ ሰው ነው። ፊሸር ያረፈው በጥር 2008 እ.ኤ.አ. ነው፤ ፊልሙ ሲወጣ ስድስት ዓመት አልፎታል። ሙት ደግሞ ጠበቃ አያቆምም። ፊሸር ጻድቅ ነበር እያልኩ አይደለም። እናቱ አይሁዳዊት ሆና ሳለ በአይሁዶች ላይ የተናገረው ጥላቻ የሚያሳፍር ነው። ሆኖም ክፉ ሥራም ቢሆን በልኩ ነው መነገር ያለበት።

ጥንቃቄ ማድረግ የማይቻል ነገር አይደለም። ሚራ ናይር በ2016 እ.ኤ.አ. የኡጋንዳዊቷን ቼዝ ተጫዋች የፊዮና ሙቴሲን ታሪክ «ኩዊን ኦፍ ካትዌ» ብላ ስትሠራ፣ ለዋናዋ ገጸ ባሕርይ የመረጠችው ከዚያ በፊት ተውና የማታውቅ የካምፓላ ልጅ ማዲና ናልዋንጋን ነው። በፊልሙ መጨረሻም እውነተኞቹ ባለታሪኮች ከተዋንያኑ ጎን ይቆማሉ። ተመልካች «ይህ ተዋናይ ነው፣ ያ ባለቤቱ ነው» ብሎ ለይቶ ይወጣል። እኔና የእህቴ ልጅ ያጣነው ይህንን ነበር።

ቼዝ አንድ መልካም ነገር አለው፤ ዝናብ የማያጠፋው መዝገብ ይይዛል። የፊሸር እያንዳንዱ እርምጃ ተጽፎ ይገኛል። እናም እሑድ ዕለት ገበታውን አውጥተን ስድስተኛውን ጨዋታ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ደገምነው። ሲያልቅ ልጁ «በቃ?» አለኝ። «ገና 15 ይቀራል» አልኩት። ቡናው ሦስተኛ እስኪደርስ ሰባተኛውን ጀምረን ነበር።

ቸር ያሰንብተን!