በስልክ የማይሰማ ሙዚቃ

እስቲ አንድ ነገር ሞክሩ። ዲጂታል ሚስቲክስ በ2006 ያወጡትን «አንቲ ዋር ደብ» (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) መጀመሪያ በስልካችሁ፣ ቀጥሎ ደህና ዉፈር ባለው ስፒከር ስሙት። በስልኩ የሚሰማችሁ ጥቂት ኳኳታና የአንድ ሰው ድምፅ ነው፤ ዋናው ነገር የለም። እኛም መጀመሪያ የሰማነው በስልክ ነበርና «ይሄ ነው እንዴ ያን ያህል የተወራለት?» ብለን ዘጋነው። ተሳስተናል። ይህ ጽሑፍ እንደ ይቅርታ ይቆጠርልን።

የደብስቴፕ ታሪክ የሚጀምረው ከለንደን ደቡባዊ ዳርቻ፣ ከክሮይደን ነው። እዚያ «ቢግ አፕል» የሚባል ሸክላ ቤት ነበር። ባንኮኒው ላይ ዲጄ ሃቻ ይሠራል፤ ፎቁ ላይ አርትዎርክ ስቱዲዮ አለው። በ1986 የተወለዱት ስክሪምና ቤንጋ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳሉ እዚህ ቤት ነበር የሚውሉት። ቤታቸው በኮምፒውተር፣ ፍሩቲ ሉፕስ በተባለ ሶፍትዌር የሠሩትን ያመጣሉ፤ ሃቻ ክለብ ወስዶ ያጫውትላቸዋል።

ያኔ ለንደንን የያዘው ዩኬ ጋራዥ ነበር፤ ሻምፓኝ፣ ዘናጭ ልብስ፣ ጣፋጭ ዜማ። እነ ኤል-ቢና ሆርስፓወር ፕሮዳክሽንስ ከዚያ ሙዚቃ ላይ ጣፋጩን ቀነሱና ከበሮውንና ቤዙን አስቀሩ። ከደቡብ ለንደን የወጡት ማላ፣ ኮኪና ሎፋ ደግሞ ከቀረውም ቀነሱ። ፍጥነቱ በደቂቃ 140 ምት ገደማ ነው፤ ስኔሩ ግን በየአራት ምቱ አንዴ ስለሚመታ ሰውነት 70 አድርጎ ይቆጥረዋል። በመሃል ያለው ባዶ ቦታ ነው፤ ከሥሩ ቤዝ።

ብዙ ሰው «ጨለማ ሙዚቃ» ይለዋል። እኛ እንደገባን ግን ጨለማው የመጣው ከማስፈራራት አይደለም፤ ከተተወው ነገር ነው። የ50 ኸርዝ ድምፅ ሞገዱ ወደ 7 ሜትር ይረዝማል። ጣት የማታክል የስልክ ስፒከር ይህን ከየት ታምጣው? እንዲህ ያለው ቤዝ ከጆሮ ይልቅ ደረት ላይ ነው የሚሰማው።

ቤዙም ከሰማይ አልወረደም። የጃማይካ ስደተኞች ወደ ለንደን ይዘውት የሄዱት የሳውንድ ሲስተም ባህል ልጅ ነው፤ «ደብ» የሚለውም ስም ከዚያው የመጣ ነው። የራስተፈሪያን ሬጌ፣ ያ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስም የሚጠራበት ሙዚቃ፣ ለዚህ ቤዝ አያቱ ነው። ዝምድናው እኛም ደጅ ይደርሳል ማለት ነው።

ሙዚቃው የሚሰማው ቦታው ድረስ ተሂዶ ነበር። አዲስ ሥራ «ደብፕሌት» በሚባል፣ በአንድ ቅጂ ብቻ በሚቀረጽና ቶሎ በሚያልቅ ሰሌዳ ላይ ይወጣል። እሱን ለመስማት ወይ «ሪንስ ኤፍ ኤም» የተባለውን ያኔ ፈቃድ ያልነበረውን ሬዲዮ መክፈት፣ ወይ በ2001 የተጀመረው «ፎርዋርድ» የተሰኘ የክለብ ምሽት ላይ መገኘት ነበር። በ2005 እነ ማላ ብሪክስተን ውስጥ፣ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ሕንፃ ሥር «ዲ.ኤም.ዚ» የተባለውን ምሽት ጀመሩ። በጥር 2006 ሜሪ አን ሆብስ በቢቢሲ ሬዲዮ 1 ልጆቹን ሰብስባ ለዓለም አሰማቻቸው። በዓመቱ መጋቢት የዲ.ኤም.ዚ አንደኛ ዓመት ሲከበር ሰልፉ ከምድር ቤቱ አቅም በላይ ሆነ፤ ዝግጅቱም ወደ ላይኛው አዳራሽ ወጣ።

ከዚያ ስሙ አትላንቲክን ተሻገረ። በ2012 ስክሪሌክስ ሦስት ግራሚ ሲወስድ፣ ለብዙ ወጣት «ደብስቴፕ» ማለት ባዶ ቦታው ሁሉ በጩኸት የተሞላ ሙዚቃ ሆኖ ነበር። ሰውየውን አንወቅስም፤ የራሱን ሠራ። የሚያሳዝነን ሌላ ነው። አዲሱ ድምፅ በስልክም በላፕቶፕም ይሰማል፤ የክሮይደን ልጆች ድምፅ አይሰማም። ዛሬ ደግሞ በስልክ ያልተሰማ ነገር እንዳልተሠራ ይቆጠራል።

ስለዚህ ስፒከር ተዋሱ፤ መብራቱን አጥፉ። ጎረቤት ተቆጥቶ ቢያንኳኳም ይቅርታ ጠይቁና አስገቡት። ይህ ሙዚቃ ድሮም ብቻ ለብቻ አልተሰማም።