ዜና ዘመቻ ወደ ኢራቅ፤ ስለ ጭፍሮች ልብ መለያየትና ስለ ደብዳቤያቸው መመሳሰል

በዘመነ ሉቃስ በ1995 ዓመተ ምሕረት፣ በዐቢይ ጾም፣ መጋቢት 11 ቀን ሐሙስ፣ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ በኢራቁ ገዥ በሳዳም ሁሴን ላይ ጦርነት አነሣ። ምክንያቱንም ሳዳም ሕዝብ የሚፈጅ መሣሪያ ሸሽጓል ብሎ አስነገረ፤ መሣሪያው ግን ኋላ አገሩ ሁሉ ተፈትሾ አልተገኘም። ከዘመቻው ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ ዋሽንግተን አብረውኝ የቆሙ አገሮች እነዚህ ናቸው ብላ ስም ዝርዝር ባወጣች ጊዜ ኢትዮጵያና ኤርትራ በአንድ መዝገብ ተጽፈው ተገኙ። በባድመ ሜዳ የተላለቁት ከታረቁ ገና ሦስት ዓመት አልሞላም ነበር። ጦር ግን ሁለቱም አልላኩም፤ ስለዚህ ነገራችን ወደ ዘመቱት ይሁን።

ቱርክ በምድሬ አታልፉም ስላለች፣ 173ኛው አየር ወለድ ብርጌድ መጋቢት 17 ቀን ሌሊት ከኢጣልያ ተነሥቶ በሰሜን ኢራቅ በኩርዶች አገር በባሹር ሜዳ ላይ ከሰማይ ወረደ። አንድ ሺህ የሚያህል ሰው በጨለማ ዘለለ፤ ሜዳውም ጭቃ ነበር። ሚያዝያ 2 ቀን ኪርኩክ ብዙ ውጊያ ሳይሆንባት ተያዘች። ኪርኩክ የነዳጅ ዘይት ምንጭ ያለባት፣ ባባ ጉርጉር በሚባለው ስፍራዋ እሳት ከመሬት ሲነድ የሚኖርባት፣ ኩርድና ዐረብ ቱርክመንም የእኔ ናት የእኔ ናት የሚባባሉባት ከተማ ናት። ከዚያም ሚያዝያ 23 በጊዮርጊስ ዕለት ፕሬዚዳንቱ አብርሃም ሊንከን በተባለው የጦር መርከብ ላይ ቆሞ ዋናው ውጊያ አለቀ አለ። ከኋላውም ተልእኮው ተፈጸመ የሚል ትልቅ ጨርቅ ተሰቅሎ ነበር። ጭፍራው ግን ወደ ቤቱ አልተመለሰም፤ የመንገድ ዳር ፈንጂና የደፈጣ ተኩስ ከዚያ ወዲያ ባሰበት።

በዚያ ክረምት በሠራዊቱ መካከል የልብ መለያየት ሆነ። ባግዳድን የያዘው 3ኛው እግረኛ ክፍለ ጦር ትመለሳላችሁ እየተባለ ቀኑ ደጋግሞ ተገፋበት። በፋሉጃ ከነበሩት ጥቂቶቹ ምሬታቸውን በቴሌቪዥን ፊት አወጡት፤ አንዱም የመከላከያ ሚኒስትሩን ዶናልድ ራምስፌልድን ባገኘው ሥራህን ልቀቅ እለው ነበር ብሎ ተናገረ። ይህን የሰማ የዘመቻው የበላይ አዛዥ ጄኔራል ጆን አቢዘይድ፣ ሐምሌ 9 ቀን፣ ይህን የደንብ ልብስ የለበሰ ማንም ሰው ሚኒስትሩንም ሆነ ፕሬዚዳንቱን ሊያንቋሽሽ አይፈቀድለትም ብሎ አስታወቀ። ንጉሥ አይከሰስ ሰማይ አይታረስ የሚለው የእኛ አገር ብቻ እንዳይመስለን።

በነሐሴ ደግሞ ስታርስ ኤንድ ስትራይፕስ የተባለው የወታደሮች ጋዜጣ ሰዎቹን ወደ ኢራቅ ላከ። ይህ ጋዜጣ በርስ በርሳቸው ጦርነት ጊዜ በሚዙሪ ወታደሮች ራሳቸው ማተም የጀመሩት ነው፤ በዚያ ጊዜ ከፊል ገንዘቡን ከመከላከያ መሥሪያ ቤቱ ቢያገኝም በራሱ አዘጋጆች ይመራ ነበር። ዘጋቢዎቹ ከሰፈር ሰፈር እየዞሩ ላገኙት ሁሉ የጥያቄ ወረቀት አደሉ፤ ወደ 2000 የሚጠጋ ወታደርም መለሰ። የሊቃውንት ጥናት አልነበረም፣ ጋዜጣውም አልደበቀውም። መልሱ ከጥቅምት 4 ቀን 1996 ጀምሮ ሲታተም፣ ከመቶ 34ቱ የራሴ ሞራል ዝቅ ብሏል፣ 27ቱ ከፍ ብሏል ብለው ተገኙ። ስለ ጓድ ስለ ጦራቸው በተጠየቁ ጊዜ ግን ዝቅ ብሏል ያሉት 49 ሆኑ፣ ከፍ ብሏል ያሉት 16 ብቻ። ከሦስቱ አንዱ ያህልም ጦርነቱ ጥቅሙ ጥቂት ነው ወይም ከነጭራሹ የለም አለ። እኔ ከዚህ ሁሉ ቁጥር የምይዘው በ34ቱና በ49ኙ መካከል ያለውን ነው። ወታደር ስለ ራሱ ልብ ሲጠየቅ ይኮራል፤ ስለ ጎረቤቱ ሲጠየቅ ግን አፉ ይፈታል፣ የጎረቤቱ ጎረቤትም እሱ ራሱ ነው።

አሁን ወደ ደብዳቤው ነገር እንግባ። መስከረም ሲጠባ በአሜሪካ ትንንሽ ከተሞች በሚታተሙ ጋዜጦች ላይ ከኪርኩክ የተላኩ የወታደር ደብዳቤዎች መውጣት ጀመሩ። ቃላቸውም መልካም ነበር፤ ፖሊሱንና እሳት አጥፊውን መልሰን አቋቋምን፣ የውኃውንና የፍሳሹን ሥራ አስጀመርን፣ ሕዝቡም በደስታ ተቀበለን፣ ሕፃናት እጃችንን ሊጨብጡ እየሮጡ ይመጣሉ የሚል ነው። የአገሩ ልጅ ፊርማ ከግርጌው ስላለ አዘጋጆቹ ሳይጠራጠሩ አተሙት። የመንደር ጋዜጣ አዘጋጅ ከጦር ሜዳ ለመጣ ለጎረቤቱ ልጅ ደብዳቤ ቦታ ሊነፍግ እንዴት ይችላል?

ነገሩን የገለጠው በዋሽንግተን ግዛት ዋና ከተማ በኦሊምፒያ የሚታተመው ዘ ኦሊምፒያን ነው። ሁለት ደብዳቤ ከሁለት ወታደር ደረሰው፤ ሲያነጻጽራቸው ከስሙ በቀር ቃል በቃል አንድ ሆኑበት። ጋዜጣው በአንድ ቅጂ የተባዛ ደብዳቤ የማያወጣ ስለ ነበር አላተመውም። ከዚህ በኋላ ጋኔት የተባለው የጋዜጦች ባለቤት የዜና ክፍል በየአገሩ ፈልጎ፣ ያው ባለ አምስት አንቀጽ ደብዳቤ በልዩ ልዩ ስም በ11 ጋዜጦች ወጥቶ አገኘው። ፈራሚዎቹም ሁሉ ከዚያው ከ173ኛው ብርጌድ፣ የ503ኛው እግረኛ ሬጅመንት 2ኛ ሻለቃ ሰዎች ነበሩ።

ዘጋቢዎቹም ስድስቱን ወታደሮች ራሳቸውን ወይም ቤተ ሰባቸውን አገኙ። ስድስቱም በሐሳቡ እንስማማለን አሉ፤ ጻፍሁት ያለ ግን አንድ ስንኳ አልተገኘም፣ አንዱም ፊርማው የእኔ አይደለም አለ። ከመካከላቸው ቆስሎ በኢጣልያ የነበረው ሲናገር፣ የጭፍራ አለቃው ወረቀቱን አድሎ የምትስማሙ ፈርሙ፣ የአገራችሁንም ጋዜጣ ስም ንገሩኝ እንዳለ፣ የተጻፈውም ሁሉ እውነት እንደ ሆነ መሰከረ። ሰባተኛው ግን ነገሩን የሰማው አባቱ ደውሎ ልጄ ምን የመሰለ ደብዳቤ ጻፍህ ብሎ ባመሰገነው ጊዜ ነው። ልጁም የምን ደብዳቤ ነው ብሎ ጠየቀ ይባላል።

ወሬው በአገሩ ሁሉ በተሰማ ጊዜ የሻለቃው አዛዥ ሌተና ኮሎኔል ዶሚኒክ ካራቺሎ ነገሩ የእኔ ነው ብሎ ወጣ። ሻለቃችን የሠራውን መልካም ሥራ ለአገራችን ሰው ለማካፈል ነው፣ ማንንም አላስገደድንም አለ። ሳይሸሽ መውጣቱ ያስመሰግነዋል። ነገር ግን በጦር ሰፈር ውስጥ አለቃ ወረቀት ይዞ ቆሞ ብትስማማ ፈርም ሲል፣ የማይስማማው ወታደር ምን ብሎ ይመልሳል? በማግስቱ ጠዋት ወደ ቅኝት የሚያሰማራው ያው አለቃ ነው።

ጌታውን አወድሶ የሚጽፍ ሰው አዲስ ነገር አይደለም፤ የዜና መዋዕል ሙያ ራሱ ከዚያ የተወለደ ነው። ገብረ ሥላሴ የዳግማዊ ምኒልክን ታሪክ ሲጽፍ ጌታውን ከፍ አድርጎ ጻፈ፣ አንባቢም ያንን ዐውቆ ያነባል። ግን በጸሐፌ ትእዛዝነቱ ጻፈ እንጂ በአድዋ የዘመተውን የአንድ ባላገር ስም አውጥቶ እሱ እንዳለው አላደረገም። ኮሎኔሉ በራሱ ስም አንድ ደብዳቤ ቢልክ ኖሮ የኪርኩክ ውኃና ፖሊስ ነገር በክብር ይነበብለት ነበር። አሁን ግን እውነተኛውም ሥራ ከተባዛው ወረቀት ጋር አብሮ ተጠረጠረ፤ በዚያው ሳምንት የነዚያ የ2000ዎቹ መልስ ሲወጣ ደግሞ ሰው ሁሉ ሁለቱን አጠገብ ላጠገብ አድርጎ አነበበ።

ሐሰት በአንድ ወገን ብቻ አልቆመም። በ1998 ጦርነቱን የሚቃወሙ ሰዎች የአንድ ጎልማሳ ቃል በቪዲዮ አሰራጩ፤ የሬንጀር ጦር አባል ነበርሁ፣ በኢራቅ ብዙ ንጹሕ ሰው ገደልን ይላል። መዝገቡ ሲገለጥ ገና በሥልጠና ላይ ሳለ በ44 ቀኑ ከጦሩ የተሰናበተ፣ ኢራቅንም በዓይኑ ያላየ ሆነ። የሲያትል ፍርድ ቤትም የመሰናበቻ ወረቀቱን በመለወጥና የጦር ጉዳተኞችን ጥቅም በሐሰት በመጠየቅ 5 ወር እስራት ፈረደበት። ያመኑት ሰዎች ሊያምኑት ፈልገው ነበር፤ የኪርኩክን ደብዳቤ ያተሙትም እንዲሁ።

በ1999 ነሐሴ 13 ቀን፣ በደብረ ታቦር ዕለት፣ የ82ኛው አየር ወለድ ሰባት ወታደሮች በኒው ዮርክ ታይምስ ላይ አንድ ጽሑፍ አወጡ። ማዕርጋቸውንና ስማቸውን ጽፈው ፈረሙ፤ ገና በባግዳድ በግዳጅ ላይ ነበሩ። በዋሽንግተን የሚወራው መሻሻል እኛ ከምናየው ጋር አይገጥምም፣ ያስታጠቅናቸው የኢራቅ ፖሊስና ሠራዊትም ታማኝነታቸው ለሌላ ነው አሉ። ቢሆንም ግዳጃችንን እንፈጽማለን ብለው ጨረሱ። ይህን ጦርነቱን ከሚደግፉት ወይም ከሚቃወሙት ወገን የሚመድብ ሰው ጽሑፉን በደንብ አላነበበውም። ጽሑፉ ገና ሲዘጋጅ አንዱ ጭንቅላቱን በጥይት ተመትቶ ነበር፣ ዳነ። ጳጉሜን 5 ቀን፣ እኛ ሁለት ሺኛውን ዓመት ለመቀበል ስንሰናዳ፣ ሁለቱ በባግዳድ በተሽከርካሪ መገልበጥ ሞቱ። በዚያው ዕለት ጄኔራል ዴቪድ ፔትሬየስ በምክር ቤት ቀርቦ ስለ ጦርነቱ መሻሻል ይመሰክር ነበር።

በዚያው ክረምት ዘ ኒው ሪፐብሊክ የተባለው መጽሔት ሙሉ ስሙን ያላወጣ ወታደር የጻፈውን ከባግዳድ አተመ። ጓደኞቼና እኔ ፊቷ በእሳት የተበላሸ ሴት በመመገቢያ አዳራሽ ውስጥ ስናይ አላገጥንባት፤ ጦርነት እንዲህ አድርጎ ልባችንን አጠፋው ይላል። ተቀናቃኝ መጽሔቶች እንዲህ ያለ ወታደር መኖሩን ተጠራጠሩ። ሰውየው ራሱን ገለጠ፣ በእውነትም ወታደር ነበረ። ቀጥሎ ግን የሴቲቱ ነገር በኢራቅ ሳይሆን ወደ ጦርነቱ ሳይገቡ በኩዌት የሆነ ነው ተባለ፤ እንግዲያስ ልባቸውን ያጠፋው ጦርነቱ ነው የሚለው ወደቀ። ሠራዊቱ መርምሮ ሐሰት ነው አለ፣ መጽሔቱም ወራት ሙሉ ሲያጣራ ከርሞ በኅዳር 2000 ከእነዚህ ጽሑፎች ጎን ልንቆም አንችልም ብሎ አስታወቀ። በኪርኩክ ቃሉን ስድስት ሰዎች ሲያጸኑለት ጸሐፊው አልተገኘም ነበር፤ በዚህ ግን ጸሐፊው ተገኝቶ ስሙን አውጥቶ ቃሉን የሚያጸናለት ታጣ።