ራልፍ በንች ከኖቤሉ በፊት

ራልፍ በንች ሲነሳ ሁሉም የሚያወራው አረቦችንና እስራኤልን አደራድሮ በ1950 ስላገኘው የኖቤል የሰላም ሽልማት ነው (ዓመቶቹ በፈረንጆቹ ናቸው)። እኔን የሚገርመኝ ግን መምህርነቱ ነው።

ሎስ አንጀለስ በጽዳት ሠራተኝነት እየሠራ ተማረ። ሃርቫርድ ሲቀበለው የከተማው ጥቁሮች 1,000 ዶላር አዋጥተው ሸኙት። በ1928 ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የፖለቲካ ሳይንስ ትምህርት ክፍሉን አቋቋመ።

ለዶክትሬቱ አፍሪካ ድረስ ሄደ። ጥያቄው ቀላል ትመስላለች። ዳሆሜም ቶጎም በፈረንሳይ እጅ ናቸው፤ ዳሆሜ ተራ ቅኝ ግዛት ስትሆን ቶጎን ግን የመንግሥታት ማኅበር ነው «በአደራ» የሰጣት። ታዲያ ለሕዝቡ ምን ለወጠለት? በ1934 የጨረሰው ጥናት መልስ «እምብዛም» የሚል ነው። ጄኔቫ ላይ በ1936 የሆነውን ለምናውቅ ለእኛማ ብዙ አይደንቅም!

ተማሪዎቼ የነበራችሁ፣ «ጥናት ምን ይሠራል?» ትሉኝ አልነበር? ያው ሰውዬ በ1945 የተባበሩት መንግሥታት ቻርተር ሲረቀቅ ስለ ሞግዚት ግዛቶች የሚናገሩት ምዕራፎች ላይ ሠርቷል።

በ1950 ሃርቫርድ ፕሮፌሰር አድርጎ ሾመው። በኒው ዮርኩ ሥራ ተወጥሮ አንድም ቀን ሳያስተምር በ1952 ለቀቀ። ዓለም ተጠቀመች፤ ተማሪዎቹ ግን ከሰሩ ባይ ነኝ።